የሐሙሱ ወንፈል

ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ወረቀቱን ላመነ ሰው የዳንግላ ገበሬ አያዝንም፣ አይከፋውም፣ እንቅልፍ አጥቶም አያውቅም። ናርዶስ ሰኞ ጠዋት እንጅባራ ቢሮዋ ተቀምጣ የተሞሉትን መጠይቆች ስትገልጥ መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነበር። ወይ ጉድ! ሁለት ዓመት የለፋችበት ጥናት «እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብቻ ሆኖ ሊቀር ነው?

ጥናቱ ከባድ አልነበረም። ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የድባቴ መለኪያ ወደ አውኝኛ ተተርጉሞ ለገበሬው ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚል ነው። ሦስት መቶ አባወራ በዕጣ ተመርጧል። ካሳነሽ የምትባል የዳንግላ ልጅ፣ አውኝኛውንም አማርኛውንም እንደ ውኃ የምትጠጣ፣ ቤት ለቤት እየዞረች ትጠይቃለች፤ መልሱን ጽፋ፣ በፖስታ አሽጋ በሚኒባስ ትልካለች። ናርዶስ የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ባለሙያ ናትና እየተቀበለች ታነባለች፣ ትመዝናለች።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ገበሬው ምን አጠፋ? ደጁ ድረስ መጥታ «ሐዘን ይሰማዎታል ወይ?» ያለችውን እንግዳ ሴት ምን ይበላት? ያገሩ ሰው ገመናውን ለመንገደኛ አይዘከዝክም። ናርዶስ ይህን ማወቅ ነበረባት፤ መጽሐፍ ሲበዛ አንዳንዴ ይህን ያስረሳል።

ከዚያ ቁጥር 147 መጣ።

ከላይ እስከ ታች አንድም ዜሮ የለውም። ዘጠነኛው ጥያቄ «መሞት ይሻለኛል ብለው አስበው ያውቃሉ?» የሚለው ነው። መልሱ፦ በየቀኑ። አስቦስ ሊያደርገው ወስኗል? ወስኗል። መቼ? ከዚህ ጥያቄ ፊት ለፊት በካሳነሽ የተጨማደደ ጽሕፈት እንዲህ ተጽፏል፦ «ውቂያው ሲያልቅ። ከሰው ጋር ያለኝን እንደጨረስኩ።»

ወረቀቱ የተሞላው ሐሙስ ነው። ፖስታው እንጅባራ የደረሰው ዓርብ ነው። ዛሬ ሰኞ ነው።

ናርዶስ ቀኖቹን በጣቷ ቆጠረች። እንዲህ ያለ መልስ የተገኘ እንደሆነ ባለሙያ ሳይውል ሳያድር ሄዶ ሰውየውን ማየት አለበት፤ ይህን ሕግ ያወጣችው ራሷ ናት። ዓርብ ፖስታውን ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ቅዳሜና እሑድ ስለ ጥናቷ ለምታቀርበው ገለጻ ስላይድ ስትሠራ ከረመች። ከስላይዶቹ አንዱ፣ ዕድሏን እዩልኝ፣ «የተሳታፊዎች ደህንነት እንዴት ይጠበቃል» የሚል ነበር።

ስልኩን አንስታ ጮኸች። «ካሳነሽ! 147ን ለምን አልደወልሽልኝም?»

«ኸረ ስንቴ ደወልኩ! ኔትወርክ እንደሆነ ሐሙስና ዓርብ ሞቶ ነው የከረመው። ፖስታው ላይ በቀይ ‘አስቸኳይ’ ብዬ አልጻፍኩም?»

«ሁሉም ላይ ነው እኮ የምትጽፊው! ከመጀመሪያው ፖስታ ጀምሮ ሁሉም ላይ አስቸኳይ!»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለች ካሳነሽ ቀስ ብላ። «ግን ናርዲ፣ ይኼኛው የእውነት ነበር።»

ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። አራት ቀን አልፏል፤ ጥፋቱን መከፋፈሉ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። የተሳታፊዎቹ ስም ከወረቀቱ ተለይቶ በታሸገ መዝገብ ነው የተቀመጠው፤ የሰው ሕይወት ካላሰጋ በቀር አይከፈትም። ናርዶስ ለጥናቱ የበላይ ደውላ አስፈቅዳ ማኅተሙን ቀደደችው። 147፦ አቶ ምህረቴ ይኸነው፣ ከዳንግላ በስተምዕራብ ያለ ጎጥ።

መናኸሪያው ላይ ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ አልንቀሳቀስ አላት። ረዳቱ «ዳንግላ፣ ዳንግላ!» እያለ ይጮኻል፤ አንዲት ሴትዮ ዶሮዎቿን ወንበር ሥር ለማስገባት ትታገላለች። ናርዶስ መቀመጥ አቃታት። «ኸረ በናታችሁ እንሂድ!» አለች፤ ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ለማን ትናገረው? የሰው ምስጢር ነው፤ በሆዷ ይዛው አዲስ ቅዳም ከተማን አለፈች፤ ዳንግላ እስክትደርስ ከንፈሯን ስትነክስ ነበር።

ካሳነሽ ባጃጅ ይዛ ጠበቀቻት። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ባጃጁ ኮረኮንቹ ላይ በነጠረ ቁጥር ሆዷን በሁለት እጇ ትደግፋለች።

«ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለች ናርዶስ።

«ከሲታ። ረጋ ያለ። ሁሉንም ፈገግ እያለ ነው የነገረኝ፤ የሌላ ሰው ወሬ የሚያወራ ነበር የሚመስለው።» ካሳነሽ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። «እኔም ፈራሁና ‘የምታነጋግርህ ሴት ነገ ትመጣለች’ አልኩት። ነገ ብዬዋለሁ፣ ናርዲ።»

ናርዶስ ሹፌሩን «ፍጠን በናትህ!» አለችው።

ከጎጡ በታች ያለው ጅረት ጋ ሲደርሱ የባጃጁ ጎማ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ። ካሳነሽ ወደ ላይ እየጠቆመች፣ «ያ ቆርቆሮ ቤት ነው፣ ባሕር ዛፉ ሥር። አንቺ ሩጪ፣ እኔ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ» አለቻት። ናርዶስ ሮጠች። ዳገቱን ስታጋምስ ከቤቱ በኩል የብዙ ወንዶች ድምፅ ሰማች። ልቅሶ ነው! አለቀልኝ! ብላ እየተደናቀፈች ስትደርስ ግን ልቅሶ አይደለም። አውድማ ላይ ስምንት ሰዎች በሬ እየነዱ ይዘፍናሉ። ጤፍ ይወቃል።

እፎይ ለማለት እንኳ ጊዜ አላገኘችም። ውቂያው ሲያልቅ ነው ያለው። አውድማው ላይ የቀረችው አንዲት ትንሽ ነዶ ናት።

«አቶ ምህረቴን ፈልጌ ነበር።»

«ምህረቴ እኔ ነኝ!» አለ አንድ ግዙፍ ሰው መንሹን ተክሎ። ገለባ ጢሙን ሞልቶታል፤ ሲስቅ አገር ይሰማል። «ነይ ግቢ እንጂ የኔ እመቤት፣ ምን ያስሮጥሻል?»

ናርዶስ ወደ ጎተራው ጥግ ወሰደችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቃላቷን እየመረጠች፣ እንቅልፉን ጠየቀችው፤ ሐዘኑን ጠየቀችው። በመጨረሻም፣ «አያ ምህረቴ፣ ሕይወቴ ባለቀ ብለው አስበው ያውቃሉ?» አለችው።

«ማን? እኔ?» ሰውየው አፉን ከፍቶ ቀረ። «ስሞትማ እናቴ ትገረፍ! የመጀመሪያ ልጄን ከፋሲካ በኋላ ልድር ነው፣ ሞትን ምን ላድርገው?»

ናርዶስ አላመነችውም። ሙያዋ ያስተማራት ነዋ! የከፋው ሰው በሳቅ ይሸፍናል ብለዋታል። አጥብቃ ያዘችው፤ እንደገና ጠየቀችው፤ «ለእኔ መደበቅ የለብዎትም» አለችው። ሰውየው ሲስቅ፣ ሲገረም፣ በኋላም ቅር ሲለው ሩብ ሰዓት ሄደ። ያቺ ሩብ ሰዓት ኋላ ስታስባት እስከ ዛሬ ታማታለች።

በዚህ መሀል ካሳነሽ ላብ በላብ ሆና ደረሰች። ግዙፉን ሰው አየችው። ናርዶስን አየቻት።

«ይኼ ሰውዬው አይደለም» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሐሙስ ያነጋገርኩት ይኼ አይደለም። ‘ምህረቴ ነኝ’ ያለኝ ሌላ ሰው ነው።»

ምህረቴ ግንባሩን መታ። «እህ! የሐሙሱን ወረቀት ነው እንዴ የምትሉት? እሱንማ ዋኘው ነው የመለሰልኝ። ጎረቤቴ።»

«እንዴት ነው እሱ የሚመልሰው?»

«ወንፈል ነዋ! ሐሙስ እኔ የሱን ጤፍ ስወቃ ዋልኩ። ቀበሌው ደግሞ ‘ዕጣ ወጥቶልሃል፣ ደጅህ ላይ ጠብቅ’ ብሎኛል። ሁለት ቦታ አልሆን! ‘ዋኘው፣ አንተ የኔን ጥያቄ ተቀመጥልኝ፣ ለወንፈሉ አንድ ቀን አስብልሃለሁ’ አልኩት። ስብሰባም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ስም ሲጠራ አንዱ ላንዱ ‘አቤት’ ይላል። ምን ክፋት አለው?»

ናርዶስ ትርጉሙን በሦስት አዋቂ አስመርምራለች፤ ዕጣውን በኮምፒዩተር አውጥታለች፤ የወረቀቱን ቁጥር በድርብ መዝግባለች። ሰው ቀን በቀን እንደሚለዋወጥ፣ አንዱ ለጎረቤቱ አርሶ፣ ዘርቶ፣ ወቅቶ ሲያበቃ ጥያቄም ሊመልስለት እንደሚችል ግን ለማንም ትዝ አላለውም። ለካሳነሽም ጭምር!

«ዋኘው የት ነው ያለው?» አለች።

ምህረቴ ሳቁን ቀስ በቀስ አጣው። «አንቺ ልጅ… አሁን የጠየቅሽኝ፣ የሞቱ ነገር… ወረቀቱ ላይ ነበር?»

«ልነግርዎ አልችልም።»

በቃው። ፊቱ ጠቆረ። «ሁለት ቀን ሰጥቼው ነበር» አለ ወደ መሬት እያየ። «አንዱን በወረቀቱ መለሰ። አንዱን ዛሬ። ጎህ ሳይቀድ መጥቶ የቀን ድርሻውን ብቻውን ወቃና ቅድም ‘በሉ እንግዲህ፣ ከእንግዲህ የማንም ወንፈል የለብኝም፤ ያስቀየምኩት ካለ ይቅር ይበለኝ’ ብሎን ሄደ። እኛ ሳቅንበት። ‘ልትመነኩስ ነው ወይ?’ አልነው። አየ ምህረቴ! አየ ጅሉ!»

ዓርብ በዓል ባይሆን፣ ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ባይሆኑ ይህ ውቂያ ገና ድሮ አልቆ ነበር። ናርዶስ ይህን ያሰበችው እየሮጠች ነው።

ምህረቴ ከፊቷ እየመራ በቁርጥራጭ ነገራት። ዋኘውና ሚስቱ ልክየለሽ ልጅ አልወለዱም። ልክየለሽ ከሁለት ዓመት በፊት ሞተች። ዓምና ደግሞ አብረው የተከሉት ዲከረንስ የሚባለው የከሰል ዛፍ በሽታ ገብቶበት ከዳር እስከ ዳር ደረቀ፤ ለከሰል እንኳ አልሆን አለ። «‘ደህና ነኝ’ ይለናል፤ እኛም ‘ጎበዝ ነው’ እንላለን» አለ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ናርዶስ እጅዋን ዘርግታ አስቆመችው። «እዚህ ይቆዩ። ሰው ሲበዛበት ይደነግጣል። እባክዎን።»

ግቢው ተጠርጓል። የከብቱ ጋጣ ባዶ ነው። ዋኘው ከቤቱ ጓሮ፣ ከደረቁት ዛፎች ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ታጥቦ የነጣ ጋቢ ለብሷል። ጉልበቱ ላይ የተቋጠረ ጥቁር ፌስታል አለ፤ ሁለቱም እጆቹ ፌስታሉ ላይ ናቸው።

ናርዶስ አሥር እርምጃ ያህል ቀርቷት መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«አያ ዋኘው፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዜር ይመስገን።»

«ናርዶስ እባላለሁ። ካሳነሽ ስለ እኔ…»

«የነገዋ ሴት ነሽ?» አላት።

ቁጣ የለበትም። ያ ነው የባሰባት።

«ነገ ትመጣለች ብላኝ ነበር» አለ ዋኘው። «ዓርብ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምህረቴ ደጅ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ቅዳሜም ጠበቅሁ። እሑድ ራሴን ታዘብኩት፤ ‘አንተ ሽማግሌ፣ ማን ብለህ ነው መንገድ የምታየው?’ አልኩት።»

ኔትወርኩ፣ ፖስታው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ ሁሉም ምክንያት ናርዶስ አፍ ላይ መጣ። ዋጠችው። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ወረቀቱ ዓርብ ደርሶኛል። ሳልከፍተው አስቀመጥኩት። ሲጠብቁኝ እኔ ሌላ ሥራ ላይ ነበርኩ። ይቅር ይበሉኝ።» እንባዋ መጣባት፤ ልታቆመው ሞክራ አልሆነላትም።

ዋኘው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «አታልቅሺ። ያንቺም ዕዳ አይደለም። ደግሞ እኔ ስለ ምህረቴ ነው የመለስኩት፤ ጥያቄው የሱ ነው።»

«ስለ አያ ምህረቴ እንዲህ ያስባሉ?»

«ምህረቴማ!» አለ፤ ሊስቅ ደረሰ። «ምህረቴ ለቀብሩም ደቦ ይጠራል።» ከዚያ ፌስታሉን ማየት ጀመረ። «በራሴ ስም ጠይቃኝ ቢሆን ‘ደህና ነኝ’ ብዬ እሸኛት ነበር። በሰው ስም ሲሆን አፌ ተፈታ። ልክየለሽ ከሞተች እንደዚያን ቀን አውርቼ አላውቅም።»

«ከእኔ ጋር በራስዎ ስም ያውሩኝ። ሐኪም ቤት አብረን እንሂድ። ፌስታሉን ለእኔ ይስጡኝና…»

«እሱን ተይው!» እጆቹ ጠበቁ። «ያለብኝን ጨርሻለሁ። በሬዎቹን ለእህቴ ሰጥቻለሁ። ያስቀየምኩትን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። የማንም ቀን የለብኝም። ሰው ሳልበድል ነው የምሄደው።»

«ማን አለዎት፣ አያ ዋኘው? ዛሬን አብሮዎት የሚያድር?»

«ማንም።» ተነሣ። ጋቢውን አስተካከለ፤ ፌስታሉን ብብቱ ሥር አደረገ። «በይ በሰላም ግቢ፣ ልጄ። እኔ ልግባና ልረፍ።»

ናርዶስ ብድግ አለች። በሩ ሦስት እርምጃ ነው። ከዘጋው አለቀ። ያን ጊዜ አጥሩ ተንኮሻኮሸና ምህረቴ ግቢውን ጥሶ ገባ፤ ካሳነሽም ከኋላው።

«አንተ ዋኘው! አንድ ቀን አለብህ!»

ዋኘው ደፉ ላይ ቆመ። «ምን?»

«አንድ ቀን አለብህ አልኩህ! ወንፈሌን በልተህ ወዴት ነው?»

ናርዶስ ልትሞት ደረሰች። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለን ሰው አትቆጣ፣ አትከራከር፣ አታስጨንቅ፤ የተማረችው ይህንን ነው፤ ስታስተምርም የኖረችው ይህንኑ ነው። ልትከለክለው ስትዘል ካሳነሽ ከኋላ እጅዋን ያዘቻት። «ተዪው» አለቻት በሹክሹክታ። «ተዪው፣ ናርዲ።»

«ዛሬ ወቅቼልህ መጣሁ!» አለ ዋኘው። የጠወለገው ፊቱ በንዴት ቀላ። «ከጎህ በፊት ነው የገባሁት፣ ሰው ይመስክር!»

«የዛሬውን ተቀብያለሁ። የሐሙሱን ነው የምልህ።»

«ሐሙስ ጥያቄህን ተቀመጥኩልህ! ራስህ አይደለህ ‘ቀኑን አስብልሃለሁ’ ያልከኝ?»

«የኔን ጥያቄ መች መለስክልኝ? ይቺ ልጅ አንድ በአንድ ጠይቃኛለች። እኔ ልሙት አላልኩም። እኔ ሌት እንቅልፍ አላጣሁም። የመለስከው የራስህን ነው! የራስህን ሥራ ሠርተህ ለኔ ቁጠርልኝ ትላለህ? እንዲህ ያለ ወንፈል የት አገር አለ?» ምህረቴ ድምፁ ተሰነጠቀ፤ እንባው ጢሙ ላይ ወረደ፤ ጩኸቱን ግን አልተወም። «ቀኔን መልስልኝ!»

ዋኘው ግራ ገባው። ወደ ናርዶስ ዞረ፤ ወደ ካሳነሽ ዞረ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቀን በልቶ አያውቅም፤ ይህ ለሱ ስድብ ነው። «እሺ» አለ። «እሺ፣ ነገ እመጣለሁ። ነገ ውሰደው። ከዚያ ተወኝ።»

«ነገ ሥራ የለኝም።»

«ከነገ ወዲያ።»

«የለኝም። ውቂያ ነው የሰጠሁህ፣ ውቂያ ነው የምፈልገው።»

«ውቂያማ አለቀ! አውድማህ ላይ ምን ቀረ?»

«ለከርሞ።»

«ከርሞ?» ዋኘው ምህረቴን አፍጥጦ አየው። «የከርሞው ጤፍ እኮ ገና አልተዘራም።»

«አልተዘራማ» አለ ምህረቴ።

ዋኘው ደፉ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ድምፅ አውጥቶ፣ በሚስቱ ቀብር ዕለት ያላወጣውን ልቅሶ አለቀሰ። ምህረቴ አጠገቡ ተቀምጦ ክንዱን አንገቱ ላይ ጣለና አብሮት አለቀሰ። ናርዶስ ቀስ ብላ ቀረበችና መዳፏን ዘረጋች፤ አልጠየቀችም፣ ጠበቀች።

ብዙ ቆየ። ዋኘው ዓይኑን በጋቢው ጠርጎ ፌስታሉን ከብብቱ አወጣና እጅዋ ላይ አስቀመጠው።

«ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው?» አላት።

«ባጃጅ አለን። አብሬዎት ነኝ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም እመጣለሁ።»

«ነገን ተይው፤ እሱን ሳይሽ አምናለሁ።» ወደ ምህረቴ በአገጩ ጠቆመ። «ለዚህ ቀማኛ ግን መዝግቢልኝ። አንድ ቀን ብቻ ነው ያለብኝ።»